አውሎውን ፈትቼ መቀሱን ስለ ገጠምኩበት ማክሰኞ

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ ቦቴ (የመዝገብ ስሙ ከዚህ ጋር በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ ይገኛል)
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የትራክተር ኦፕሬተር
አድራሻ፦ የእርሻ ድርጅቱ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ከጋራዡ ጀርባ
ከሟች ጋር ያለው ግንኙነት፦ ዝምድና የለውም፤ ሥራ ያስተማሩት ሟች ናቸው
ቃሉ የተሰጠው፦ ረቡዕ ጠዋት፣ ነገሩ በተፈጸመ በማግስቱ

እኔ ምስክሩ ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

የሟች ወንድ ልጅ «ትራክተር ይዞ ቆሞ ሳለ ማጨጃ እቀይራለሁ እያለ አባቴን አስገደለ» ሲል ትናንት ማታ በእኔ ላይ ማመልከቱ ተነግሮኛል። ልጁ አልዋሸም። ትራክተር ይዤ ቆሜ ነበር፣ ማጨጃም ቀይሬአለሁ፣ አባቱም ሞተዋል። የማስረዳው እንዴት እንደሆነ ነው።

ሟች ጋሽ ማርሽ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በድርጅቱ ትራክተር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሁሉ ነገር ማርሽ ስለሚሆንባቸው ነው፤ የተናደደ ሰው ሲያዩ «ማርሽ ቀንስ»፣ ያዘነ ሲያዩ «ማርሽ ቀይር» ይላሉ። እኔንም ቦቴ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን ውሃ ስጠጣ አይተው «ይሄ ሰው ነው ወይስ ቦቴ?» አሉና ስሙ እዚያው ተለጠፈብኝ። መርማሪው «ሟች» እያለ እንደሚጽፍ ነግሮኛል። ይጻፍ። እኔ ግን ትናንት ጠዋት በእግሩ ከቤቱ የወጣን ሰው ሟች ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

ጋሽ ማርሽን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ከሆነችው ሴት ልጃቸው ጋር ነው። የልጃቸውን ስም ይስታሉ፤ የትኛው ትራክተር ምን ዓይነት ዘይት እንደሚፈልግ ግን ተሳስተው አያውቁም። ጆሯቸውንም ሞተር በልቶታል። አጠገባቸው ቆመው ቢጮሁ የሰው ድምፅ አይሰሙም፤ ትራክተር ከሩቅ ሲነሳ ግን ቀና ይላሉ። ሐኪሙ ወፍራም ድምፅ እንደሚሰማቸው ተናግሯል እየተባለ ነው የሚወራው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በሥራ አስኪያጁ ትዕዛዝ፣ ለብዙ ዓመት ጦሙን ያደረውን የወንዝ ዳር ማሳ ላጭድ ሄድኩ። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ቁጥቋጦ፣ ኩይሳና አሮጌ ቦይ አለበት፤ ድንጋዩማ አይነገርም። ለእንዲህ ዓይነት ማሳ የሚገጠመው አውሎ ነው፣ እኔም የገጠምኩት እሱን ነበር።

አውሎ ምን እንደሆነ ተጠይቄ፦ በጋራዣችን ሁለት ማጨጃዎች አሉ። አውሎ የምንለው ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰረው ነው፤ በወፍራም ላሜራ ክዳን ሥር ከባድ ቢላዎች ይሽከረከሩበታል። የክንድ ውፍረት ያለው ግንድ ይቆርጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ያደቃል፣ ድንጋይ ከነካ ይወረውራል። ኃይሉን ብታቋርጠውም ቢላው እስኪበርድለት ይዞራል እንጂ ወዲያው አይቆምም። ሁለተኛው መቀሱ ነው። በትራክተሩ ቀኝ ጎን እንደ ክንድ ይዘረጋል፤ ባለ ጥርስ ምላጩ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ሣሩን ከሥሩ ቆርጦ ያስተኛዋል። ለድርቆሽ የተሠራ ነው። ቁጥቋጦ ሲያገኝ ይነክስና እዚያው ይቀራል፣ ድንጋይ ሲነካ ጥርሱ ይረግፋል። ከተሰቀለ ዓመታት አልፈውታል።

ማሳው ዳር ደርሼ አውሎውን አውርጄ ኃይል ልሰጠው ማንሻውን ስጨብጥ፣ ሴት ልጃቸው የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች መጣች። «ተው! ተው! አትግባ! አባዬ የለም!» አለችኝ። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ማርሽ ገና ሲነጋ ወደዚሁ ማሳ ሲያመሩ አይቷቸው፣ እግራቸውን ሊያፍታቱ መስሎት ዝም ብሏል። ትንሽ ዘግይታ ብትደርስ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ ቃል የምሰጥ አይመስለኝም፤ የሚሰጥም ቃል አይኖረኝም ነበር።

ሞተሩን ላጠፋ ስል ልጅቱ ክንዴን ይዛ «አታጥፋው ቦቴ፣ እኔን አይሰማኝም፣ ሞተሩን ግን ይሰማዋል። ሰምቶ ይመጣል» አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። እውነትም ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጋዙን ከፍ አድርጌ ሞተሩን ማሳው ዳር እያጓራ ተውኩት።

ከዚያ ሰው ተሰበሰበ። በመጋዘን የሚሠራው ወንድ ልጃቸውም መጣ። እስከ ቀትር በእግር ፈለግን። እዚያ ሣር ውስጥ ትንሽ ገባ ያለ ሰው አጠገቡ ላለው አይታይም፤ ፈላጊዎቹ ራሳቸው እየጠፉ እርስ በርስ ሲጠራሩ ነበር። ሰዉ «ጋሽ ማርሽ!» እያለ ይጮሃል። እንደማይሰሙ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ጠሩ፣ ሌላ ምን ያድርጉ። እኔ በየጊዜው ወደ ትራክተሩ እየተመለስኩ ሞተሩ ላይ ጋዝ እረግጥ ነበር። ልጅቱ እያንዳንዱ ጩኸት ሲነሳ ወደ ሣሩ ታፈጣለች። አንድም ሣር አልተነቃነቀም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንድ ልጃቸው ላብ በላብ ሆኖ መጣና «በትራክተሩ ግባበት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «በአውሎ አልገባም» አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ፣ «የሚቆርጠው ከኋላዬ ነው። ጎማዬ ምን እንደረገጠ ሳላይ ቢላው ይደርስበታል። አባትህ እዚያ ወድቀው ከሆነ የምትቀብረው አታገኝም» አልኩት። ይህን እህቱ እየሰማች መናገር አልነበረብኝም። እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሱ ግን «እሺ፣ ታዲያ ዝም ብለን እንጠብቅ?» አለኝ። መቀሱን ገጥሜ እንደምመለስ ነግሬው ትራክተሩን ይዤ ወደ ጋራዥ ሄድኩ።

መቀሱን የመረጥኩበትን ምክንያት ተጠይቄ፦ በመቀስ ሲታጨድ ትራክተሩ የሚሄደው በታጨደው ላይ ነው፤ ያልታጨደው ውስጥ የሚገባው ክንዱ ብቻ ነው። ጎማ ያላየሁትን አይረግጥም። ምላጩ ከዓይኔ ሥር ነው፣ ኃይሉን ሳቋርጠው እዚያው ይቆማል። መቀሱም እግር ይቆርጣል፣ አይቆርጥም አላልኩም። ከፊት ከፊቱ ሰው እያስኬድኩ በዝቅተኛ ማርሽ ከሄድኩ ግን ሰውን ከነነፍሱ ማግኘት የሚቻለው በእሱ ብቻ ነው።

የፈጀውን ጊዜ ተጠይቄ፦ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፈጅቷል። የጋራዡ ኃላፊ መቀሱን ከግድግዳ ሳወርድ አይቶ «ቦቴ፣ ያን ማሳ በዚህ? በምላጭ ብትላጨው አይሻልህም?» ብሎ ሳቀ። «ሰው አለበት» ስለው ሳቁን ዋጠና መፍቻውን አነሳ። የምላጩ ጥርሶች ግማሾቹ ረግፈው ነበር። ምላጩን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ ገና ሲነካ ተበጠሰ፤ ሌላ ከአሮጌ ፓምፕ ላይ ፈታን። ዝገቱ እያንዳንዱን ብሎን ከዳዶው ጋር አጣብቆታል። መሐል ላይ እንዳይፈታ ያሰርነውን ደግመን እናስረው ነበር። አልቀለድኩም፣ አልተጎተትኩም፣ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም።

ስመለስ ፈላጊዎቹን በአንድ መስመር ከምላጩ ፊት አሰለፍኳቸው፤ በዱላ ሣሩን እየገለጡ ይሄዳሉ፣ እኔ ምላጩን ከፍ አድርጌ በዝግታ እከተላለሁ። ከዳር ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ምላጩ ሊነካው ሲል ያቆምኩት የድንጋይ ክምር አገኘን። ድንጋዮቹ ከመሬት የተነቀሉ ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ያለው አፈር ገና ጨርሶ አልደረቀም። ተለቅ ተለቅ ያሉት ከሥር፣ ትንንሾቹ ከላይ፣ ተደርድረዋል። የማን እጅ እንደሆነ ያኔውኑ አወቅኩ። ማሳ ከመታጨዱ በፊት በእግር ገብቶ ድንጋይ መልቀም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ጋሽ ማርሽ ማሳው እንደሚታጨድ በምን እንዳወቁ ተጠይቄ፦ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ሰኞ ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ አውሎው መገጠሙን አይተው «የት ልትገባበት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ድንጋይ አለው እኮ» አሉ። «አለው» ብዬ አለፍኩ። ምሳ መብላታቸውን የሚረሱ ሰው ይህን ይዘው ያድራሉ ብዬ አላሰብኩም።

ክምሩን ሲያዩ ሰዎቹ ደስ አላቸው። ልጅቱ «እዚህ ነው! አባዬ እዚህ ነው!» እያለች ድንጋዮቹን በእጇ ትዳብስ ነበር። ሁለተኛ ክምር አገኘን፣ ከዚያ ሌላ፣ ሁሉም ወደ መሐል በሚወስድ መስመር ላይ። መጀመሪያዎቹ በደንብ የተደረደሩ ናቸው። ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ግን ክምሩ እየተዝረከረከ ሄደ፤ ከዚያም ክምር መሆኑ ቀርቶ ወዲያና ወዲህ የተወረወረ ድንጋይ ብቻ ሆነ። አንዱ ላይ ደም ነበረበት፣ የጥፍር ደም። እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ሌሎቹ ተስፋቸው ሲጨምር የእኔ ተሟጠጠ። ማንም እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ምላጩ አዙሬ መንዳቴን ቀጠልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መሐል ላይ አገኘናቸው። ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት። ኩይሳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በሁለት እግራቸው መካከል ግማሹ የተነቀለ ትልቅ ድንጋይ አለ። በሰውነታቸው ላይ ከጣታቸው በስተቀር ቁስል የለም። ልጅቱ ትከሻቸውን ይዛ «አባዬ፣ ተነስ፣ ምሳህን እኮ አልበላህም» ትላቸው ነበር። ወንድሟ ወደ ትራክተሩ ዞሮ «አንተ ብሎን ስታጠብቅ አባቴ ሞተ» አለኝ። አስከሬኑን ያየው ሐኪም በፀሐይና በውሃ ጥም፣ ከቀትር በኋላ እንደሞቱ ተናግሯል። ቀደም ብለን ብንደርስ ይተርፉ እንደነበር ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ሰበቀ።

ማጨጃ በመቀየሬ እጸጸት እንደሆነ ተጠይቄ፦ አልጸጸትም። ነገ ሌላ ሰው እዚያ ማሳ ውስጥ ጠፋ ተብዬ ብጠራ መቀሱን ነው የምገጥመው፤ ያንኑ ያህል ሰዓት ይፈጅብኛል፣ እንደገናም አልደርስ ይሆናል። ልጁ ጥፋተኛ የሚያደርገኝ በዚህ ከሆነ ያድርገኝ፣ አልከራከረውም። በዚህ ቢይዘኝ ይሻለኛል።

ለምን ይሻልሃል ተብዬ ተጠይቄ፣ ለመመለስ ጊዜ እንዲሰጠኝ ጠይቄአለሁ። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ጋሽ ማርሽ ሞተሩን ሰምተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሰምተዋል። እኛ «ይምጡ» ስንላቸው እርሳቸው የሰሙት «መጣሁ፣ ድንጋዩን አንሳ» ነው። ማጨጃ ማሳው ዳር ቆሞ ያጓራል፣ መንገዱ ገና አልተጸዳም፣ ታዲያ ምን ያድርጉ? ቸኮሉ። እኔ ጋዝ በረገጥኩ ቁጥር ቸኮሉ። ድንጋይ መደርደር ትተው መወርወር የጀመሩት፣ ጥላ ሳይፈልጉ፣ ውሃ ሳይጠይቁ በጥፍራቸው የቆፈሩት ትራክተሩ እንዳይሰበርብኝ ነው። ቀትር ላይ ትራክተሩን ወደ ጋራዥ ስወስደው ጉልበታቸው አልቆ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደክሟቸው ቁጭ ይሉ ነበር፤ ትንሽ ቆይተውም የመጡበትን ረስተው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅቱ አልገባትም። ትናንት ማታ ቤቷ ስሄድ እጄን ይዛ «ቢያንስ ሞተሩን እየሰማ ነው የሞተው፣ ብቻውን አልነበረም» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ቃሉ ሲነበብልኝ አዳምጬአለሁ። ስለ ሞተሩ የተጻፈው ክፍል ለሴት ልጃቸው እንዳይነበብ ለምኛለሁ። መርማሪው መዝገቡን ቤተሰብ ጠይቆ ማየት እንደሚችል፣ ይህን መከልከል እንደማይችል ነግሮኛል። እንግዲያው ከዚህ በታች ያለው እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ተጨምሯል፦ ትራክተር ላይ ሞተር የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም መቀመጫው ላይ ያለው ሰው ነው። ሌላው የሚለው ምክር ነው፤ ምክር የሰጠ አይጠየቅበትም። ሞተሩን ያላጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከላይ የሰፈረው በሙሉ የራሴ ቃል ነው፤ ያልሆነውን ሆነ፣ የሆነውን አልሆነም አላልኩም። ይህንኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________