አልጠፋ ያለው የቮልሴ መብራት

አሮጌዋን ቮልስ በገዛሁ ሰሞን፣ ሲመሽ ጌጃ ሰፈር መንገድ ዳር አቁሜያት ቁልፉን ስነቅል የግራ ጎኗ መብራት በርቶ ቀረ። ቁልፉ እኮ እጄ ላይ ነው! መልሼ ስከተው ፍሬቻ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስነቅለው ግን ብልጭታውን ትቶ ዝም ብሎ ይበራል። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሲያልፉ፣ "ልጄ፣ መብራት ረስተሃል፤ ባትሪህ ያልቃል" አሉኝ።

"ኧረ አልጠፋ ብሎኝ ነው፣ እትዬ!" ግራ ቢገባኝ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ገመድ ነቅዬ ተገላገልኩ። ወዲያው ትራፊክ መጣ። "ጨለማ መንገድ ላይ ያለ ፓርኪንግ መብራት ታቆማለህ?" ገመዱን ስመልሰው መብራቱ ቦግ አለ። ጭንቀቴን ስነግረው ሳቀና በመስኮት እጁን አስገብቶ የፍሬቻውን እጀታ ወደ መሃል መለሰው፤ ጠፋ። "ፍሬቻው ወደ ጎን እንደዞረ ቁልፍ ሲነቀል የዚያ ጎን ፓርኪንግ መብራት ይሆናል፤ በዚህ ነው የሚጠፋው" አለኝ። ከዚያ ራሱ መልሶ አበራው። "ግን እንዳታጠፋው!"

ጠዋት ቮልሴን በግፊ ላስነሳ ስታገል እትዬ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው፣ "ነግሬህ አልነበር?" አሉኝ።