ወርቅ የመሰለው ድርቆሽ

እግሩ የተሰበረ ወንበር ተሸክሜ ወደ አናጢው ሱቅ የገባሁት ወንበሩን ለማስጠገን ብቻ ነበር። ነገር ግን የሳይንስ መምህር ነኝና ክርክር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የደረስኩትም አባትና ልጅ በአንዲት በግ ተፋጥጠው ሳሉ ነው።

የሱቁ የኋላ በር ወደ ጠባብ ጓሮ ይወጣል። በጓሮው ዳር አሥራ አንድ የዋንዛ ዛፎች በተርታ ቆመዋል፤ ከግድግዳው ሥር ያረገዘች ነጭ በግ ታስራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት የአናጢው ባለቤት ከግልገልነቷ ጀምሮ በጡጦ ያሳደጓት በግ ናት። አምና የወለደችው ግልገል ወተት አጥቶ በሦስተኛው ቀን ሞቷል። አሁን ለመውለድ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቷታል፤ ዕድሜዋ ስለገፋ ምናልባት ይህ የመጨረሻዋ ነው።

“እንኳን መጡ መምህር! እስቲ ይፍረዱን” አሉ አናጢው። “ይቺ ልጄ ሁለት ዓመት የእንስሳት እርባታ ተምራ መጣችና በጓን አስርበሃታል ትለኛለች። ይህን ድርቆሽ ይዩልኝ፤ ወርቅ አይመስልም?”

አየሁት። በእርግጥም ቢጫ ነው፤ አንድ አረንጓዴ ሰበዝ የለበትም። ስጨብጠው ተንኮሻኮሸ፤ ሳሸተው አቧራ እንጂ ሣር አልሸተተኝም።

“አባባ፣ ጉዳቱ ወርቅ መምሰሉ ነው” አለች ልጅቱ። “ሣሩ የታጨደው አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ፣ ከደረቀ በኋላ ነው። የቀረው አገዳው ነው።”

“አገዳም ቢሆን ትበላዋለች። ሆዷን አታዪም? ከበሮ አክሏል!”

“ሆዷ ሞልቷል፤ እሷ ግን አልጠገበችም።”

“ወይ ጉድ! ሞልቶ የማይጠግብ ሆድ የት አየሽ፣ ዶክተር?”

ዶክተር የሚሏት ሊያበሽቋት ሲፈልጉ ነው። እሷ ግን አልተቆጣችም።

“እዚህ ሆድ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ድርቆሹን የሚፈጩላት እነሱ ናቸው። እነሱም ራሳቸው ምግብ ይፈልጋሉ፤ ፕሮቲን የሚባለውን። ከዚህ አገዳ በቂውን አያገኙም። ስለዚህ ድርቆሹ ሳይፈጭ እዚያው ይከማቻል።”

“ሠራተኛው ሞልቷል፣ ምሳ የበላ ግን የለም በይኛ!”

“እንዲያ ነው።”

“ምሳቸውስ ምንድን ነው?”

ልጅቱ ወደ ዋንዛዎቹ አመለከተች። የአናጢው ፈገግታ ጠፋ።

“እሱን ተይው። እነዚያን እኔ ተክዬ ውሃ ያጠጣቻቸው እናትሽ ናት። የእሷን ዛፍ አራቁቼ የእሷን በግ ልቀልብ?”

ክርክሩ ከዚህ በኋላ የመኖ ክርክር እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው አንድን ልማድ አልተውም ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ልማዱን ሳይሆን ልማዱን አብሮት የያዘውን ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ቁጥር ቢደረድሩለት አይሰማም። ልጅቱ ይህን ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች መሰለኝ፣ የአባቷን እጅ ያዘችና ከሱፉ ሥር፣ ከበጊቱ ጀርባ ላይ አሳረፈችው።

“ዓይንህን ጨፍን አባባ። ጣትህን ጠይቀው።”

እነዚያ ጣቶች አርባ ዓመት ሙሉ የሳንቃን ልስላሴ ያለ ዓይን የለዩ ናቸው። በአከርካሪው ላይ ቀስ ብለው ሄዱ፤ ቆሙ፤ ወደ ጎድኑ ወረዱ፤ እንደገና ቆሙ።

“የመጋዝ ጥርስ ነው” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ሱፉ ነው የደበቀብኝ።”

“ሱፉና ሆዷ።” ልጅቱ የበጊቱን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረገች። “ይህም መቅላት ነበረበት፤ ነጥቷል፤ ትል ደሟን እየመጠጠው ይመስለኛል። የትል መድኃኒትም እሰጣታለሁ። ግልገሉ አሁን የሚያድገው ከድርቆሹ ሳይሆን ከእሷው ሥጋ እየወሰደ ነው፤ ስትወልድ ለወተት የሚተርፋት የለም።”

“እናትሽ ይህን ብታይ ምን ትለኝ ነበር?”

“ምንም። መጋዝህን ታቀብልህ ነበር።”

አናጢው ሳያስቡት ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አጋጣሚውን ይዤ፣ ሳንቃ ላይ የሚወጣው ዓይን፣ ያ ጠንካራ ክብ ነጥብ፣ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው።

“ከጎን ቅርንጫፍ ነዋ! የታችኛው ቅርንጫፍ ቀጭን ሳለ ካልተቆረጠ...” አሉና ወደ ዛፎቹ ዞሩ። “አንጀቴ አልችል ብሎ እንጂ፣ ድሮ መቆረጥ ነበረባቸው።”

“እኔም የምፈልገው እነሱኑ ነው” አለች ልጅቱ ፈጠን ብላ። “ጫፉን አንነካም። ከአንድ ዛፍም በዓመት ከሲሶው በላይ አንወስድም።”

“ድርቆሹስ ይጣል?”

“ኧረ አይጣል! ቅጠል ብቻውንም ይጎዳታል። ሁለት እጅ ድርቆሽ፣ አንድ እጅ ቅጠል። ዛሬ ግን አንድ ጭብጥ ብቻ፤ ሆዷ እስኪለምድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንጨምራለን።”

አናጢው መሰላሉን ራሳቸው አቆሙ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ምክንያት እየፈለግኩ ወደ ጓሮው ብቅ እል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከገንዳው የሚተርፈው ድርቆሽ በግማሽ ቀነሰ። በአራተኛው የዓይኗ ቆብ ውስጡ መቅላት ጀመረ። በአምስተኛው አናጢው ጀርባዋን ዳስሰው “ተላግቷል” አሉኝ፤ መላጊያ እንደነካው ሳንቃ ማለታቸው ነው። በአርባ አራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ግልገሎች ወለደች። አናጢው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ጠብቶ ሌላው እስኪጠባ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። የአምናው ግልገል በሞተበት በሦስተኛው ቀን እነሱን እየጠበቁ ከማለዳ እስከ ማታ ሱቃቸውን አልከፈቱም። በአራተኛው ቀን ግልገሎቹ ገንዳው ላይ ዘለው ሲወጡ አገኘኋቸው።

የዚያን ዕለት ሦስት በጎች ያሉት ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሊያይ መጣ። አናጢው አፉን እንኳ እስኪከፍት አልጠበቁትም።

“ሣርህን ሊያብብ ሲል እጨደው፤ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቅ። ሆዷን አይተህ አትፍረድ፤ ጀርባዋን ዳስስ። ከድርቆሹ ጋር የዋንዛ ቅጠል ቀላቅልላት፤ ጥላ ሥር ብታደርቀው ለደረቁ ወራት ይቆይሃል። ወተቷ ይበዛል፣ ግልገሏ ጠንክሮ ይወለዳል፣ ትልና በሽታም የመቋቋም አቅም ታገኛለች። ዛፉም ቢሆን ሳንቃው ይጠራል!”

“እኔ ግቢ ያለው ግን ሌላ ዛፍ ነው” አለ ልብስ ሰፊው። “እሱንስ ልስጣቸው?”

አናጢው ልብስ ሰፊውን በእጃቸው ገታ አደረጉት።

“እሱን እኔ አላውቅም። መርዝ ያለው ቅጠል አለ፤ በግምት አይሰጥም።”

ከዚያም የሚሠሩበትን በርጩማ ሳቡ፤ ሰጋቱራውን በእጅጌያቸው ጠረጉለትና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ። አንቺ ንገሪው፤ እኔም ልስማ።”