የባለ ክንፏ ካዲላክ አሳዳሪ፣ ጋሼ ኒኬል

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ከሩቅም ከቅርብም ሥራችሁን ትታችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፤ ይህን የታላቅ ወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ የመረጠኝ «አንተ አስተማሪ ነበርክ፣ ድምፅህም ጎላ ይላል» በሚል ቢሆንም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናው ምክንያት በዚያች መኪና የኋላ ወንበር መካከል ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጣብቆ የእኔን ያህል የተጓዘ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ ባለመኖሩ ነው። ሟቹ ረጅም ንግግር አይወዱም ነበርና ላሳጥረው እሞክራለሁ፤ ካልተሳካልኝ ግን ጥፋቱ የእሳቸው ነው፣ ሥራቸው በዝቶ ነው።

ሁላችንም ጋሼ ኒኬል እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቤታችን በፊት ለፊቱ መዶሻ፣ በጓሮው የስፌት መኪና ሲንኳኳበት የሚውል ስለነበር ጸጥታ የሚባለውን ነገር ያወቅነው ትምህርት ቤት ስንገባ ነው፤ እሳቸው ግን ጸጥታውን ብዙም አልወደዱትም። ደብተራቸው በሥዕል የተሞላ፣ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ሒሳባቸው ግን ለአመል ያህል ብቻ የነበረ ተማሪ እንደነበሩ አብረዋቸው የተማሩት ይመሰክራሉ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ የአባታችን ዐይን ደክሞ መዶሻው ጣታቸውን መምታት በመጀመሩ፣ ቤቱን ለመደገፍ ሲሉ ትምህርታቸውን አቁመው ከሰፈራችን በላይ በነበረው ኒኬል ቤት ተቀጠሩ።

ኒኬል ቤት ማለት የተላጠ የመኪና መከላከያ፣ የዛገ የሆስፒታል አልጋና የደበዘዘ የበር እጀታ በአሲድ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ከገንዳው ሲወጣ ፊት የሚያሳይበት ቤት ነበር። ወንድማችን ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ልካቸውን የተመሩበትን ሐሳብም ያገኙት ከዚያ ነው፤ ከሥሩ በደንብ ያልተወለወለ ብረት ኒኬል ሲለብስ ነውሩ ይደምቃል እንጂ አይሸፈንም ይሉ ነበር። ከዚያም ወደ ከተማው አውቶቡሶች ጋራዥ ተዛውረው በአካል ጥገና ክፍል በሠራተኛነት ጀምረው የክፍሉ ኃላፊ እስከመሆን ደረሱ። የተጋጨ አውቶቡስ በእሳቸው እጅ ሲያልፍ የት ጋ እንደ ተመታ ሾፌሩ ራሱ ይጠፋው ስለነበር፣ ሾፌሮቹ «ለአውቶቡስ ኩል የሚኩሉ ሰው» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ዛሬ እዚህ የተገኙት የሥራ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ።

ባለቤታቸውን ያወቁትም በዚያው ጋራዥ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ ሊሰፉ በመጡ ጊዜ ነው። ወንድማችን እንዳጫወቱን ከሆነ መጀመሪያ የወደዱት የስፌታቸውን ቀጥ ማለት ነው፤ ባለቤታቸው ይህንን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን እያጠቆሩ «ታዲያ መርፌዬን አታገባም ነበር?» ይሏቸው ነበር። በትዳራቸው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ሁለቱንም በወግ በማዕረግ አሳድገው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

ባለ ክንፏ መኪና ወደ ቤታቸው የገባችው ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው። ከከተማው ትልልቅ ሆቴሎች አንዱ በደጉ ዘመኑ እንግዶቹን ይቀበልባት የነበረች፣ ከኋላዋ ሁለት የሾሉ ክንፎች ያሏት፣ ርዝመቷ ከአንዳንዶቻችን ሳሎን የሚበልጥ ጥቁር ሰማያዊ ካዲላክ፣ ሆቴሉ ሲዘጋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖራ በመጨረሻ በአንድ ወፍጮ ቤት መጋዘን ውስጥ የዱቄት ጆንያ ተቆልሎባት ተቀመጠች። ወንድማችን ወደዚያ የሄዱት የወፍጮ ቤቱን የተቀደደ ጣሪያ ሊጠግኑ ነበር፤ ከጣሪያው ላይ ሆነው በቀዳዳው ቁልቁል ሲመለከቱ ከዱቄቱ መሐል ከፊት መብራቷ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጩ። ጣሪያው ከዚያ በኋላ ስለ መጠገኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ባለ ወፍጮው ቦታው ለእህል ይፈለግ ነበርና መኪናዋን እንዲወስዱላቸው ሲፈቅዱ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ገና ጥርሷን ትነቅል የነበረችው ልጃቸው ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ስትዳር በዚህችው መኪና እንድትሄድላቸው ብቻ ጠየቁ። ወንድማችንም ቃል ገቡ።

መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ በበሩ አልገባ ስላለች አጥሩ ፈረሰ፤ ታላቅ እህታችን እቴቴም ዛሬ አጥር ያፈረሰ ነገ ግድግዳ ያፈርሳልና ሚስቱ ከወዲሁ ታስብበት ብለው ተነበዩ። ወንድማችን ግን ከሥራ መልስና በዕረፍት ቀናቸው ዝገቱን ፍቀው፣ የተበላውን ወለል ቆርጠው በአዲስ ላሜራ ለውጠው፣ ሞተሩን አውርደው ፈታትተው፣ እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንደ ተፈታ እየለዩ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ስላስቀመጡ፣ በዚያ ቤት ለዓመታት ስኳር ይኑር እንጂ የስኳር ዕቃ አልነበረም። የጭነት መኪና ሞተር ቢገጥሙላት ቶሎ እንደምትነሳ የመከሯቸውን አንድ ወዳጃቸውን አኩርፈው በመንገድ ሲያዩዋቸው እንኳ ይሻገሩ ነበር። የመስታወቷን ዙሪያ የሚይዘውን ጎማ መርከበኛው የአክስታችን ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከባሕር ማዶ ይዞላቸው መጣ። ቀለሟን ፀሐይ አጎሳቁሎት ስለነበር፣ ትክክለኛውን ያገኙት ከዕቃ መጫኛዋ ምንጣፍ ሥር ብርሃን ያላየውን ቦታ ገልጠው ነው። ኒኬሉን በዚያው ባደጉበት ኒኬል ቤት በገዛ እጃቸው ነከሩ፤ ወንበሮቿን ደግሞ ባለቤታቸው ሰፉ፣ መስመሩ ከድሮው ጋር አልተገጣጠመም ተብለውም ፈትተው እንደገና ሰፉ።

መኪናዋ አልቃ በተነሳች ቀን ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። እኛ ቤተሰቦቻቸውም በኩራት አንገታችንን ቀና አድርገን ገና ወደ በሩ ጠጋ ከማለታችን ግን፣ ወንድማችን ወንበሮቹን በነጭ አንሶላ ሸፍነው ማንም ሰው እንዳይቀመጥባቸው አዘዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ብቻቸውን እየነዱ ሰፈሩን ዞረው ይመለሳሉ፤ ልጆቻቸው በር ላይ ቆመው ያያሉ፤ ወንበሩን ሁለት ጊዜ የሰፉት ባለቤታቸው እንኳ አንዴም አልተቀመጡበትም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በዚያ ዘመን ወንድማችን ሰው የሚባለውን ፍጥረት እንደ ዝገት ይፈሩት ነበር።

የባለ ወፍጮው ልጅ የሠርግ ቀን ደረሰ። ሙሽራዋ፣ ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና ሁሉ ነገር አይቅርብኝ የሚሉት እቴቴ ተጭነው መኪናዋ እያበራች ወጣች፤ መንገዱ መሐል ካለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትደርስ ግን የኋላዋ ቁጭ አለና ጎማው ከላዩ ካለው ብረት ጋር እየተፋጨ ጨሰ፣ የጭስ ማውጫዋም ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ለካስ ዓመታት ሙሉ የጆንያ ክምር የተሸከሙት የኋላ ሞላዎች ልባቸው ደክሞ ኖሯል፤ ወንድማችን መኪናዋን ከራሳቸው በቀር ሰው ጭነውባት ስለማያውቁ ይህን ሊያውቁ አልቻሉም። ሙሽራዋ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ደጃፍ ላይ ወርዳ በሚያልፍ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ወደ አዳራሹ ተወሰደች፤ የከተማው ሰውም «ዱቄቱ ዳቦ ሆኖ ሄደ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሳቀ።

ወንድማችን ግን አልሳቁም። በማግሥቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ባለ ወፍጮው ቤት ሄደው አንገታቸውን ደፍተው በቆሙ ጊዜ ሽማግሌው የመለሱላቸውን ወንድማችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲደግሙት ሰምተናል፦ «ልጄስ በዳቦ መኪናም ቢሆን ደርሳለች፤ ለመሆኑ አንተ ይቺን መኪና ያደስካት ሰው ሊቀመጥባት ነው ወይስ ቆሞ ሊያያት?» ቤታቸው እንደ ተመለሱ አንሶላዎቹን ገፈው ጣሉና ባለቤታቸው እንዲቀመጡ ለመኗቸው። እሳቸውም ተቀመጡ፣ ወንበሩን ዳሰሱ፣ ከቆይታም በኋላ ስፌቱ ትንሽ እንደ ጠበቀ ነገሯቸው።

ያች መኪና የሰው መኪና የሆነችው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ሞላዎቹ ተለወጡ፤ ወንድማችንም የጠየቃቸውን ሙሽራ ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ሊያደርሱ ቃላቸውን ሰጡ፤ ከእያንዳንዱ ሠርግ በፊትም መኪናዋን በሰው ሞልተው ሙሽራዋ የምትሄድበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር መንዳትን ሕግ አደረጉ። ከመካከላችሁ ለክብደት ያልተጫነ ጥቂት ነው። የእቴቴ ቦታ ግን የተከበረ ነበር፤ ሰውነታቸው ደልደል ያለ በመሆኑ በዚያ በተፋጨው ጎማ በኩል እንዲቀመጡ ተመደቡ፣ ሥራቸውም ጉብታ በታለፈ ቁጥር አድምጠው «አልነካም» ብለው ማስታወቅ ነበር። «መኪናዋ ያለ እኔ አትፈተንም» እያሉ ሲኮሩ ሰምታችኋል። ከዚያ ወዲህ ከተገባው ቃል አንድም አልታጠፈም፤ አንዲትም ሙሽራ በመንገድ አልቀረችም። ይህን ሳነብ እንደ ወንድም እኮራለሁ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የወንድማችን እጆች ይንቀጠቀጡ ጀመር። ካርቡራተሩን ማስተካከል ሲያቅታቸው አጠገቧ ቆመው በጆሯቸው እያዳመጡ፣ የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ የሆነችው ሴት ልጃቸው በእሳቸው ምትክ ትፈታና ታጠብቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለፍተሻ ሁላችንም ተጭነን ሳለ ቁልፉን ለእሷ ሰጡና ዞረው ከጎኗ ገቡ። ከዚያ በፊት በመኪናዋ ውስጥ ከመሪው ኋላ በቀር ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ወደ ወንበሩ ደገፍ ብለው «ለካ እንዲህ ትመቻለች!» አሉ። ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው በመሐረብ ዐይናቸውን ሲያብሱ አይቻለሁ።

ከእጃቸው ሕመም በኋላ የልብ ድካም ተጨምሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከትናንት በስቲያ ማለዳ በቤታቸው ዐረፉ። ይህን አድርጉ፣ ያን ተዉ ሳይሉን ድንገት ነው የሄዱት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዲት ማንኛችንም ለማናውቃት ሙሽራ ቃል የሰጡበት ቀን ዛሬ ነው። የሙሽራዋ ቤተሰቦች መርዶውን ሰምተው በደግነት መጥተው ከቃሉ ነፃ እንዳወጡን ቢነግሩንም፣ የወንድማችን ሴት ልጅ ቃሉን ያልሰጠ ሰው ሊያነሳው አይችልም ብላ እሄዳለሁ አለች። ለቅሶ ቤቱ ሁለት ተከፈለ። እቴቴ ብድግ ብለው፣ «አባቷን ሳትቀብር የሰው ሙሽራ ልታደርስ? ሰው ምን ይላል?» ሲሉ ብዙዎቻችን መሬት መሬት አየን፤ እሳቸው የቤቱ ትልቅ ናቸው፣ የተናገሩትም ያለ ነገር ነው። ልጅቷ ግን አልተከራከረችም። «እቴቴ፣ መኪናዋ በዚህ ሳምንት አልተፈተነችም፤ ሰው ያስፈልገኛል» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

መጀመሪያ የተነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ከዚያ ወንድ ልጃቸው፣ ከዚያ እኔ ተነሳን፤ በመጨረሻም እቴቴ ሻርፓቸውን አጥብቀው ወጡና በቦታቸው ገቡ። እንግዲህ ትናንት ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ጥቁር የለበሰ ሰው ጢም ብሎባት የሙሽራን መንገድ ስትሄድ ያያችሁን ሰዎች ግራ እንደ ገባችሁ አውቃለሁ፤ እኛ ነን፣ ክብደት ሆነን ነው። ጉብታውን ስናልፍ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ወደ ኋላ አደመጥን፤ እቴቴም እንባቸው እየወረደ «አልነካም» አሉ።

ወንድማችን ከባለቤታቸው፣ ከወንድ ልጃቸው፣ ከታላቅ እህታቸው፣ ይህን ከሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው፣ ባለ ኒኬል እጃቸውን ካዩ የሥራ ባልደረቦቻቸውና በሕይወታቸው ታላቅ ቀን ካደረሷቸው ሙሽሮች ሁሉ ተለይተዋል። ሴት ልጃቸውም አለች። ከጠዋት ጀምሮ የት እንደ ሄደች ስትጠያየቁ ሰምቻለሁና አትሸሽጉላት፣ አትማረሩባትም፤ ለጠየቃችሁ ሁሉ ሥራ ላይ ናት በሉ። በዚህ ሰዓት ጥቁሯን አውልቃ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መሪውን ይዛለች፤ ሙሽራዋ የሾፌሯ አባት እንደሞቱ እንዳታውቅም ቤተሰቦቿን ለምናለች። አድርሳ ትመጣለች። እስክትመጣ የመጨረሻውን አፈር ለእሷ ትተንላት እዚሁ እንጠብቃታለን። የማያልፈው ቃል ባለቤት የሆነው ፈጣሪ ቃላቸውን ሳያጥፉ የኖሩትን የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍት ይቀበልልን፤ ለልጃችንም መንገዱን ያቅናላት። አሜን።