የሆጤ እድር ማህተም ባሕር ላይ

አንድ ፈረንጅ በሸራ ጀልባው ላይ ምግብ አብሳይ አድርጎ ቀጠረኝና የሰው አገር ወደብ ደረስንላችሁ። የመጠጥ ውሃችን አልቋል። የወደቡ ሹም ግን የስማችንን ዝርዝር ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «የጀልባው ማህተም ከሌለበት አትወርዱም» አለን። ፈረንጁ ማህተም ከየት ያምጣ? እኔ ደሴ እያለሁ የሆጤ ሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስወጣ ማህተሙን ሳላስረክብ ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቷል። አወጣሁና ሃ ብዬ ተንፍሼበት ወረቀቱ ላይ መታሁት። ሹሙ ክብ መሆኑን ብቻ አይቶ አሳለፈን!

በነጋታው ጨንቆኝ ለእድሩ ሰብሳቢ ለሐጂ ደውዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ይቆጡኛል ስል፣ «ወላሂ፣ ማህተማችን ካረፈበት ፈረንጁም አባላችን ነው፤ እንቀብረዋለን» አሉኝ። ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ «ግን ባሕር ላይ ቢሞት ድንኳኑን የት ልንተክል ነው?»