እንዳይጠፋ የታዘዘው የበር መብራት

የምስክር ስም፦ ጥላዬ ኃይለመለኮት
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ መምህር
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ በአቶ ወልደ ሰንበት ግቢ ተከራይ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ጀምሮ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ የተጠየቅሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። የምኖረው ከባለቤቴ ከወ/ሮ ኤደን ጋር ሲሆን ግቢው ያለው አንድ የብረት በር ብቻ ነው። አከራያችን አቶ ወልደ ሰንበት ባለፈው ሳምንት በበሩ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ የኤልኢዲ አምፖሎች አስገጠሙ። የገጠመላቸው ሞባይል ጠጋኝ ነው። ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ይጨመርበት ብዬ ባመለክት፣ "አንተ ልጅ፣ መሬት መብራት ምን ያደርግላታል?" አሉኝ። በሩ እንደሚነዝር ስነግራቸውም "ኤልኢዲ ኮረንቲ አይበላም፤ ያልበላውን ከየት አምጥቶ ይነዝርሃል?" ብለው መለሱልኝ። አይበላም ስለተባለም ሌት ከቀን ይበራል። እኛም በሩን በደረቅ እንጨት እየገፋን መግባትና መውጣት ለምደን ነበር።

ዛሬ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ የባለቤቴ መውለጃ ስለደረሰና ወገቧን ስላመማት ወጥቼ ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ሾፌሩ መሐመድአሚን ሳላስጠነቅቀው ቀድሞኝ በሩን ለመክፈት እጁን ሰደደ። ያዘው። በእንጨቱ መትቼ አላቀቅሁት። መዳፉ ተቃጥሏል። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ "ቲቸር፣ ትራፊክ እንኳ እንዲህ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም" አለኝ። ቃሌን የሚጽፉት ሳጅን ሙክታር ይህ ይቅር ቢሉም፣ የተባለው ይኸው ስለሆነ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። መሐመድአሚንን ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ጎረቤትም ለፖሊስ ደወለ።

ከረፋዱ 5፡30 ሰዓት ላይ ሳጅን ሙክታር ደረሱ። "ማን ያዘው?" ብለው ጠየቁኝ።

"በሩ።"

"የበሩ ባለቤትስ?"

"ጃጁራ ገበያ ናቸው፤ ስልካቸው አይሠራም።"

ሳጅኑም ወንጀል የተፈጸመበት ስፍራ ነው፣ ማንም እንዳይገባ እንዳይወጣ ብለው በሩ ላይ ገመድ ወጠሩ። ባለቤቴ ከውስጥ ቀረች፣ እኔ ከውጭ። አጥሩም ከበሩ የተያያዘ ቆርቆሮ ስለሆነ እሱም ይነዝራል። አምፖሎቹ በኤግዚቢትነት እንዲያዙ ታዝዞ ነበር፤ የሚይዛቸው አልተገኘም። ቆጣሪው ከውጭ ባለው የእንጨት ምሰሶ ላይ ስለሆነ፣ ብሬከሩን ላውርድና መብራቱን ላጥፋው ብዬ ለመንኩ። "መብራቱ ማስረጃ ነው። ማስረጃ ማጥፋት ያስቀጣል" ተባልኩ። ማጥፋትና ማጥፋት ይለያያል ብል "እሱን ለተማሪዎችህ" አሉኝ። ማስረጃው እንዳይጠፋ አንድ ፖሊስ ተመደበለት። ለባለቤቴ አልተመደበላትም። ወደ ጣቢያ ስወሰድ ከአጥሩ ኋላ "ጥልዬ፣ አንተስ ምስክር ሆነህ ሄድክ፤ እኔ ምን ልሁን?" ስትል ሰምቻለሁ።

ይህን ቃል በመስጠት ላይ ሳለሁ፣ ከቀኑ 8፡40 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ደውላ ውሃው እንደፈሰሰ ነገረችኝ። ውሃ መፍሰሱን ለሳጅኑ አመለከትኩ። "የት? በሩ አጠገብ እንዳይሆን! ውሃ ኮረንቲ ያስተላልፋል" አሉኝ። የምን ውሃ እንደሆነ ሳስረዳቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የአራት ልጆች አባት ናቸው። ሆኖም ገመዱ የሚነሳው የጣቢያው አዛዥ ከስብሰባ ሲመለሱ እንደሆነ፣ ለዚያም አስቀድሞ የእኔ ቃል አልቆ መፈረም እንዳለበት ገለጹልኝና ብዕሩን መልሰው አነሱ።

ስለዚህ ቃሌ አልቋል። የተናገርኩት ያየሁትንና የነዘረኝን ብቻ ነው። እንዲነበብልኝ ሳይሆን እንዳይነበብልኝ ለምኜ፣ ከባለቤቴ ምጥ በቀር ማንም ሳያስገድደኝ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጥላዬ ኃይለመለኮት (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሙክታር (ተፈርሟል)
ቀጣይ ምስክር፦ ወ/ሮ ኤደን፤ ከግቢው ስትወጣ ቃሏን ትሰጣለች።