«ፑት ኦፍ» የተባለው ቀዶ ጥገና

አጎቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ዓለም ወተት ውስጥ የምትዋኝ መስላ ትታያቸው ነበር፤ ሰውን በድምፁ፣ ወረቀትን በጣታቸው ይለያሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አባሮኝ ሥራ ቤታቸው ተጠለልኩ። መሣሪያዎቻቸውን እየዳበሱ አንድ በአንድ በጨርቅ ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው። ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ሥራ መተዋቸውን በለሆሳስ ነገሩኝ። እንደ እሳቸው አባባል፣ የዓይን ሐኪም ቤቱ በእንግሊዝኛ በጻፈው ደብዳቤ ቀዶ ጥገናውን ሰርዞባቸዋል። በአጉሊ መነጽር፣ ከመዝገበ ቃላት እያመሳከሩ፣ ራሳቸው አንብበውታል።

ተቀብዬ አየሁት። «ፑት ኦፍ» ይላል፤ ቀጥሎ የነገው ቀን ተጽፏል።

«አጎቴ፣ ተላለፈ ማለት እኮ ነው። ነገ ጠዋት ይጠብቁዎታል።»

«አታባብዪኝ ልጄ። ፑት ማስቀመጥ፣ ኦፍ ማጥፋት ነው። የነገው ቀን ፋይሌን የምወስድበት ነው።»

ያን መዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ በእጃቸው ጠርዘውታል፤ እንዴት ይጠርጥሩት?

«መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ እርስዎ ቃላቱን ነጣጥለው ጠየቁት እንጂ። እኛስ ‹እጅ ሰጠ› ስንል እጁን ቆርጦ ሰጠ ማለታችን ነው?»

«ተሸነፈ ማለታችን ነው።»

«‹ቁጭ አለ› ስንልስ? ማን ምን አለ?»

ጣታቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። «ማንም ምንም አላለም» አሉና ፈገግ አሉ።

የእንግሊዝኛውም እንዲሁ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ ለቀጠሮ ሲሆን ማስተላለፍ፣ ለሰው ሲሆን ደግሞ ማስጠላት ወይም ልብን ማቀዝቀዝ ይሆናሉ።

«እንግዲያው ይህ ደብዳቤ በእኔ ላይ ሁለቱንም ሠርቷል» አሉ።

ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጣጠፉት፤ ከዚያም መልሰው ሰጡኝ። በኋላ፣ ተስፋ ማድረጉ ከመታወሩ ይልቅ እንዳስፈራቸው አጫወቱኝ። ወደ ሐኪም ቤቱ ስልክ ደወልን፤ ነርሷ ቀጠሮው የነገ መሆኑን አረጋገጠችልን። ሐኪሙ ከነገ ወዲያ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። አንድ ቀን ብንዘገይ ኖሮ አልቆለት ነበር።

ብልህ ሰው እንኳ ቃል ለቃል ሲያነብ ይሳሳታል። ቃላትን እንደ ጎረቤቶቻቸው የሚረዳ፣ ያልገባውንም ለመጠየቅ የማያፍር ግን ከሐኪሙም ከትምህርቱም አይቀርም። አጎቴም ዛሬ ይህን አምነው እንግሊዝኛን በሐረግ በሐረጉ ያጠናሉ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፋሻው የተፈታ ጠዋት ፊቴን አተኩረው ተመለከቱ።

«ሸብተሻል እኮ» አሉኝ። «ማንም አልነገረኝም።»