ከሥጋ ሻጩ በላይ

ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ለማዘጋጃ ቤት የቤቶችን ከፍታ ስለካ፣ ሳላስበው ከአጎቴ ጋር ተገናኘሁ። ልብስ ሰፊው አጎቴ ባለ አንድ ፎቅ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ቆመው ለአዲስ ፎቅ የሚሆን ብረት ያስተክላሉ።

"የእህቴ ልጅ፣ ና ውጣ" አሉኝ። ወጣሁ። ዓይናቸው ግን ብረቱ ላይ አልነበረም፤ ቁልቁል፣ ከኮረብታው ሥር ባለው የሥጋ ሻጩ ሕንፃ ላይ ተተክሏል።

"የሱሪውን ቂጥ እጥፍለት የነበረ ሰውዬ፣ ዛሬ አራት ፎቅ! በረንዳ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይነሳኛል። እኔም ሁለት እጨምርና እንተያያለን።"

"አጎቴ፣ ብረቱ መውረድ አለበት። አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ የሚመጣው በእርስዎ ጣሪያ ላይ ነው።"

"አውሮፕላን የአቪዬሽን ሰዎች ጉዳይ ነው። ማዘጋጃ ቤት ምን ጥልቅ አደረገው? እናንተ ቦያችሁን ጥረጉ።"

"እነሱ የበረራውን መስመር ያወጣሉ። በየትኛው ሰፈር ማን ፎቅ እንደሚጨምር የምናውቀው ግን እኛ ነን። አብራሪው በጉም ውስጥ ሲወርድ ቤትዎ አይታየውም። ከዚህ ከፍታ በላይ የሚነካኝ ነገር የለም ብሎ አምኖ ነው የሚመጣው። ያን እምነት የምንጠብቅለት እዚሁ ታች ሆነን ነው።"

"ታዲያ የሱን አራት ፎቅ ዝም ብላችሁ የኔን ሦስት? ጉበት ይልክላችኋል መሰለኝ።"

አልተቀየምኩም። አጎቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቅናት የያዘው ሰው ሕጉ ሁሉ በጎረቤቱ ልክ የተሰፋ ይመስለዋል።

"የከፍታው ልክ ለሁሉም አንድ ነው። የሚለካው ግን ከየሰዉ ደጃፍ ሳይሆን ከማረፊያው ሜዳ ነው። እሱ የሠራው ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሕንፃው አናት የእርስዎ በር ደፍ ላይ እንኳ አይደርስም።"

አጎቴ ቁልቁል አዩ።

"አሁንም ከሱ በላይ ነኝ ማለት ነው?"

"ድሮም።"

ወዲያው አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ በላያችን አለፈ። የተተከለው ብረት ተንቀጠቀጠ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

"በመስኮቱ ሰው አየሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት ፎቅ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ…"

ሳይጨርሱት ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። "አውርዱት!"

እንዲህ ሲሆን ተሳፋሪው በጉምም ቢሆን በሰላም ያርፋል፤ የኮረብታው ሰውም እሳት ጣሪያዬ ላይ ይወድቃል ሳይል ይተኛል። ልኩ አንድ መሆኑን ያወቀ ጎረቤትም በጎረቤቱ ፎቅ አይቃጠልም።

ይህን ለአጎቴ እያስረዳሁ ደረጃውን ስወርድ ክንዴን ያዙኝ።

"ስለ ልኩ ለሥጋ ሻጩም ሄደህ አስረዳው" አሉኝ። "የማን ቤት በላይ እንደሆነ በደንብ ንገረው። እኔ ብነግረው ቅናት ነው ይላል።"